ውሻዬ ቆቅ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለኅዳር እንዴት ላዘጋጀው?

የጀማ_ዳር፦ ጥቅምት 2፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለቤቱ። ተወልጄ ያደግኩት እንሳሮ፣ ከለሚ ብዙም ሳይርቅ፣ የጀማ ገደል አፋፍ ላይ ነው። አሁን የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ዓምና አዲስ አበባ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ቡችላ ሰጥቶኝ ሄደ። እናቱ ፖይንተር የምትባል የአደን ውሻ ዘር ናት፣ አባቱ አይታወቅም። መልኩ ዳማ ስለሆነ ስሙንም ዳማ አልኩት። አሁን ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል።

ለመስቀል እናቴ ቤት ይዤው ወረድኩ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የጤፉን ዳር ዳር ይዘን ስንሄድ ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አርሶታል። ዳማ ከፊቴ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። እየሮጠ ሳለ ድንገት ቆመ። የቀኝ የፊት እግሩ እንደታጠፈ ከመሬት ከፍ ብሎ ቀረ። ጅራቱ ከጀርባው ጋር እንደ ዘንግ ተወጠረ። አፉን ገጥሟል፣ የሚንቀሳቀሰው አፍንጫው ብቻ ነው። ብጠራው አልዞረም። ቀርቤ ጀርባው ላይ እጄን ሳሳርፍ ከቆዳው ሥር ሲርገበገብ ተሰማኝ። ወደሚያየው ቁጥቋጦ ሁለት እርምጃ ራመድ ስል ሁለት ቆቆች ድርርር ብለው ከእግሬ ሥር ተነሡ። ልቤ አፌ ውስጥ ገባ።

ማንም አላስተማረውም። ማታ ለአጎቴ ስነግረው ሳቀና «ለኅዳር ጠብመንጃዬን ይዘን እንውረድ» አለ። እናቴ ደግሞ «ውሻ በአፉ የያዘውን ማን ሊበላው ነው?» አለች። እኔ የምፈልገው ከምታውቁት እንድትነግሩኝ ነው። ምን ላስተምረው? ከምኑ ልጀምር?

---

አሠልጣኝ_ከሰሚት፦ ጥቅምት 2፣ ከምሽቱ 4:40

ወንድሜ፣ ያየኸው ነገር «ማመልከት» ነው፤ በደሙ ያለ ነው። መንዝ ጓሳ ሄዳችሁ የምታውቁ ቀይ ቀበሮ አይጥ ላይ ከመዝለሏ በፊት ጆሮዋን ቀስራ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ቆም ስትል አይታችሁ ይሆናል። ውሻም ያችን አፍታ አለችው። ሰው በብዙ ትውልድ አፍታዋ የምትረዝምበትን ውሻ እየመረጠ አዋለደና እነሆ ዳማ ደቂቃ ሙሉ ይቆማል። አውሮፓ ውስጥ የአደን ጠብመንጃ ሳይለመድ በፊት ሴተር የሚባለው ዘር ወፏ ፊት ዝቅ ብሎ ይተኛ ነበር፤ አዳኞቹ መረብ ከውሻውም ከወፉም በላይ አሳልፈው ይጥላሉ።

መቆሙን ማስተማር አትችልም። ማስተማር የምትችለው ቆሞ መቆየትን ነው። ዓመት ካለፈው ጊዜው አልረፈደም። አሥር ሜትር ያህል ገመድ አንገቱ ላይ እሰር። አንድ ቃል ምረጥ፣ «ቁም» ይበቃል፤ ቤተሰቡም ሁሉ ያንኑ ቃል ይጠቀም። መጀመሪያ በምግብ ሰዓት ነው። ሳህኑን አስቀምጥና «ቁም» በለው። ከተንቀሳቀሰ ሳህኑን አንሣ። ከቆመ ጥቂት ቆይተህ «በል» በለውና ይብላ። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ደጅ ላይ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ አድርገው። ጮክ ብለህ አትናገር፣ አትማታ። ቆሞ ሳለ የተመታ ውሻ በማግሥቱ ጠረኑን ሲያገኝ ዞር ብሎ ይሄዳል፤ እንዲህ የተበላሹ ሁለት ውሾች እኔ ጋ መጥተው አንዱን ብቻ ነው መመለስ የቻልኩት።

ዋናው ስሕተት ወፉ ሲነሣ ውሻው ተከትሎ እንዲሮጥ መተው ነው። አንዴ ሮጦ ከጣመው ሁለተኛ የሚቆምበት ምክንያት አይታየውም። ገመዱ የሚያስፈልገው ለዚያች ሰዓት ነው፤ ወፉ ተነሥቶ እስኪጠፋ ድረስ ረግጠህ ያዘው።

---

ሚኒሶታ_ያለሁ፦ ጥቅምት 3፣ ከጠዋቱ 1:05

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ እዚህ ከመጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ፣ ማለት በእኛ ጥቅምት፣ ጀርመን ሾርትሄርድ ውሻዬን ይዤ ፌዛንት የሚባለውን ወፍ አድናለሁ። ስለዚህ ከሥራው የማውቀውን ልንገርህ።

ነፋስን ካላወቅህ ውሻውን ትወቅሰዋለህ። ጠረን ከወፏ ተነሥቶ በነፋሱ አቅጣጫ እየሰፋ ይሄዳል፤ እንደ ጢስ ቁጠረው። ስለዚህ ሁልጊዜ ነፋስ ፊትህን እየመታህ ሂድ። ውሻው ያኔ ግራና ቀኝ እያቋረጠ ጢሱን ፈልጎ ያገኛል። ነፋስ ከኋላህ ከሆነ ወፏ ላይ ይወጣባታል እንጂ አያመለክትልህም። ገደል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ሲያሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይፈሳል። ጀማ ላይ ጠዋት ከአፋፉ ላይ ሆኖ መፈለግ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጤዛ ያለበት ቀዝቃዛ ጠዋት ጠረን ይይዛል። ረፋዱ ላይ ሲደርቅና ሲሞቅ ከመቶ ውሻ አንዱም አይረባም፤ የዚያን ጊዜ ውሻህን ውኃ አጠጥተህ አሳርፈው። ደረቅ ውርጭም ጠረን ይገድላል፤ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ እስኪቀልጥ ጠብቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛን ትልቁን ቆቅ፣ ፈረንጆቹ «ኤርክል» የሚሉትን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ሃዋይ ወስደው ለቀቁትና ተራባ። ዛሬ እዚያ በአመልካች ውሻ የሚታደን ወፍ ሆኗል። ስለ እሱ የሚያወሩ አዳኞች ሁሉ ምሬታቸው አንድ ነው፤ አይነሣም፣ ይሮጣል። ወደ ላይ ይሮጥና ወደ ታች ይበራል። ውሻው ቆሞ ሳለ ወፉ በእግሩ ሄዶ አልቋል። ለሚ ላይም ይኸው ይገጥምሃል፤ ውሻህ ቆሞ ቀስ ብሎ እየተራመደ መልሶ ቢቆም እንደ ጥፋት አትቁጠርበት፣ የሚሮጥ ቆቅ እየተከተለ ነው።

---

የመርሐቤቴ_አባት፦ ጥቅምት 3፣ ከቀኑ 10:30

ልጄ፣ ጽሑፍህን ልጄ አነበበልኝ፤ የምለውንም እሱ ይጽፍልኛል።

እኛ በልጅነታችን ቆቅ የምንይዘው በፈረስ ጭራ ወጥመድ ነበር። ጭራውን ፈትለን ሸምቀቆ እንሠራና የምትሄድበትን ቀጭን መንገድ አይተን እንተክላለን። ቆቅ መንገዷን አትለውጥም። ግን ብልህ ናት፤ ሰው «እገሌ እኮ ቆቅ ነው» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ድንጋይ የሚወረውርባትማ «ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ» ሆኖ ይቀራል።

እናትህ ያለችው ልክ ናት። ውሻ በአፉ የነካውን በእኛ አገር ማንም አይቀምሰውም። በጠብመንጃ ተመትታ ቢላ ሳይደርስባት የሞተች ቆቅም በክት ናት። ስለዚህ የጥንት አዳኝ ሲተኩስ ሩጫው ቢላውን መዝዞ፣ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ማረድ ነበር። ያንተ ውሻ ቆሞ የሚያሳይ እንጂ ይዞ የሚያመጣ ካልሆነ ለእኛ ወግ የሚስማማ እሱ ነው። ማምጣት አታስተምረው።

ጊዜውንም ቁጠረው። ጽጌን የሚጾም ሰው እስከ ኅዳር 5 ሥጋ አይበላም። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። በመሐል ያሉት ዘጠኝ ቀናት ናቸው፣ ረቡዕና ዓርብ ሲወጣለት ከዚያም ያንሳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ብርዱ ነው የሚያናግረው፣ ግን ለዚያች አጥንት በግ አለልህ።

---

ወፍ_ቆጣሪ፦ ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 3:20

አባታችን፣ እንደ እርስዎ ያለውን ሰው ቃል እዚህ ማንበቤ አስደሰተኝ። ወንድማችንን ግን ስለ ሕጉና ስለ ቦታው ሳልናገር ባልፍ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል።

በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። ወፍም የዱር እንስሳ ናት። የአጎትህ ጠብመንጃ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይሆንም። በዚህ ላይ በዚህ ዘመን ጠብመንጃ ተሸክሞ ገደል ለገደል መታየት ምን እንደሚያስከትል አገሩን የምናውቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ከሕጉ የሚበልጠውን ልንገርህ። ጀማ ሸለቆ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ቆቅ አለ። አንዱ ሚኒሶታ ያለው ወንድማችን የጠቀሰው ትልቁ ነው፤ አናቱ ቡናማ ቀይ፣ ግንባሩና መንቁሩ ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ። ሁለተኛው አነስ ይላል፤ ዓይኑ ዙሪያ ያለው ላባ የሌለበት ቆዳ ቀይ፣ መንቁሩ ቀይ፣ እግሩም ቀይ ነው፣ ደረቱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ጥቁር ምልክት አለው። ይህ ሁለተኛው «የሃርውድ ቆቅ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1899 ነው ለሳይንስ የተመዘገበው። በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም በሙሉ ኢትዮጵያ ሳይሆን በዓባይና እንደ ጀማ ባሉ ገባሮቹ ሸለቆዎች። የወንዝ ዳር ፊላ፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋያማ ተዳፋትና የማሽላ ማሳ ይወዳል። የፈረንጅ ወፍ ተመልካች ውቅያኖስ አቋርጦ ለሚ የሚመጣው ለሱ ነው።

አንተ ከአፋፉ ላይ ተወልደህ ውሻህ የቆመባቸው ሁለቱ ቆቆች የትኞቹ እንደነበሩ ታውቃለህ? እግራቸውን አየኸው?

---

የጀማ_ዳር፦ ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 3:00

አላየሁትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቆቅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት። እኛ ሁሉንም ቆቅ ነው የምንለው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

---

ባላገር_ከእነዋሪ፦ ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 7:45

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ነገር ያስቆጣኛል። ቆቅና ጅግራ የዘራሁትን ገና ሳይበቅል ጭረው ይበላሉ። ማሽላ ያለው ቆላው ዘመዴ ልጆቹን ከትምህርት አስቀርቶ ወፍና ጦጣ ያስጠብቃል። ያኔ አንድም ሰው መጥቶ «ምን ጎደለህ?» አላለውም። አንድ ልጅ ወጥመድ ሲተክል ግን ሕግ ይጠቀሳል። ፈረንጅ ሊያየው የሚመጣው ወፍ የሚበላው የእኔን እህል ነው። ተመልካቹ የሚከፍለው ገንዘብ እኔ ቤት አልደረሰም።

---

ወፍ_ቆጣሪ፦ ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 1:30

ወንድሜ፣ ቁጣህ ትክክል ነው፤ የምመልሰው ለመከራከር አይደለም። እኔ ራሴ ለሚ ላይ ፈረንጅ እየመራሁ ስሄድ መኪናው ባለቤቱ ያላወቀው ማሳ ዳር ይቆማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። የአካባቢው ልጅ መሪ ሆኖ ቢከፈለው፣ ባለማሳውም ድርሻ ቢያገኝ ቆቋ ጠባቂ ታገኝ ነበር። መንዝ ጓሳ ላይ የሆነውን ታውቃለህ። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ደንብ ጓሳውን ይዘጋል፣ በራሱ ቀን ይከፍታል፣ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ይወስዳል። ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት እስከ ዛሬ የተረፈው የገበሬው ጥቅም እዚያ ውስጥ ስላለ ነው። ጀማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

---

ሐኪም_መሃል_ሜዳ፦ ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2:50

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጓሳ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እስካሁን ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ፤ ዳማ ተከትቧል? አዲስ አበባ የተወለደ ውሻ ወደ ገጠር ሲወርድ በሽታ ይዞ ሊወርድ፣ ከዚያም ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሁሉም ያውቃል ብዬ አልተወውም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ባለፈው ክረምት አንድ እናት ልጇን ይዛ በዘጠነኛው ቀን ነው የመጣችው፤ እስከዚያ ድረስ ጠበልና ቅጠል ሲሞክሩ ነበር። ጠበሉን እኔም አምናለሁ፣ ግን ከክትባቱ ጋር ይሁን። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ።

ስለ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ይኸውላችሁ። በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ወደ 500 ገደማ ነው፣ ጓሳ ላይ ያለው ጥቂት አሥሮች ቢሆን ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ካሉት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው በሽታ እንኳን በንክሻ፣ በትንፋሽም ይተላለፋል። ማንም «ውሻዬን ጓሳ ሣር ላይ ልሞክረው» እንዳይል እለምናለሁ። እዚያ ያለችውን የደጋ ቆቅ ፍለጋ ሣር ለሣር የሚሮጥ ውሻ ቀበሮዋ አይጥ የምታድንበት ሜዳ ላይ ነው የሚሮጠው።

ዳማን ለሁለቱም አስከትበው፣ ካርዱን ያዝ። አሠልጣኙ የተናገሩትን የቀበሮዋን አቋቋም እኔ ጓሳ ላይ ብዙ ጠዋት አይቻለሁ፤ ውሻህ ከእሷ የወረሰው ይመስል ነበር የጻፍከው። የሚያሳዝነው የሚገድላትም በሽታ ከዚያው ከዘመዷ መምጣቱ ነው።

---

ሚኒሶታ_ያለሁ፦ ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 12:40

ወፍ ቆጣሪ ያነሣውን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ነገር በአእምሮዬ ይመላለሳል። ኖርዌይ ውስጥ በየዓመቱ የአደኑ ወቅት ሳይከፈት በፊት ሰዎች አመልካች ውሾች ይዘው በተሰመረ መስመር ተራራ ለተራራ እየሄዱ ፕታርሚጋን የምትባለውን የበረዶ አገር ቆቅ ይቆጥራሉ። ዘንድሮ ስንት ይታደን የሚለው የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። ኒው ዚላንድም በ1890ዎቹ ሪቻርድ ሄንሪ የሚባል ሰው አፉ በልባብ የታሰረ ውሻ ይዞ መብረር የማይችሉ ወፎችን ጫካ ለጫካ እየፈለገ፣ በሕይወት እየያዘ አዳኝ አውሬ ወደሌለበት ደሴት ያሻግር ነበር።

እኔ አዳኝ ነኝ፣ አደንን አላወግዝም። እዚህ ፌዛንቱ ይራባል፣ ፈቃዱ ይገዛል፣ ቁጥሩ የታወቀ ነው። ጀማ ላይ ያለችው ግን ማንም ያልቆጠራት ናት። ውሻህ ቆሞ የሚሰጥህ ያች አንድ ደቂቃ ለመተኮስም ትሆናለች፣ እግሯን ለማየትም ትሆናለች።

---

አሠልጣኝ_ከሰሚት፦ ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 5:10

ትክክል። ለዚያ ደግሞ ገመዱ እንዳይለየው። በጥቅምት ጫጩት ይዛ የምትሄድ ቆቅ አትጠፋም፤ የሚያሳድድ ውሻ ጫጩቶቹን ይበትናቸዋል፣ ማታ ብርዱ ይጨርሳቸዋል። እስከ ኅዳር ሜዳ ላይ «ቁም»ን ብቻ አስተምረው፣ ወደ ቁጥቋጦ አታስገባው።

---

የጀማ_ዳር፦ ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3:35

የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሼ መጥቻለሁ። ዳማ ሁለቱንም ክትባት ወስዷል፣ ካርዱ እጄ ላይ ነው። አንድ ወር ሙሉ በሳህኑ ፊት «ቁም» ስለው ኖሬ አሁን እናቴ እንኳ ብትለው ይቆማል።

ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ወረድን። ጠብመንጃው ቤት ቀረ። ይህን ለማስማማት ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ አጎቴ «ታዲያ ለምን እንወርዳለን?» ብሎ ነበር። ከአባቱ የወረሰውን የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ መጣ፣ እኔ ደብተር ያዝኩ። ከአፋፉ ቁልቁል ስንወርድ ፀሐይ ገና የጀማን ማዶ ነበር የነካችው። ሚኒሶታ ያለኸው ወንድሜ፣ አየሩ እንዳልከው ነው፤ ቆላው ሲሞቅ ነፋሱ ወደ ፊታችን ወጣ።

ዳማ እስከ ረፋድ አራት ጊዜ ቆመ። መጀመሪያውን በቅጡ አላየነውም፣ ወፏ በእግሯ ሮጣ ድንጋይ ውስጥ ገባች። ሁለተኛው ላይ ሦስት ትልልቆች ነበሩ፣ ግንባራቸው ጥቁር፣ እግራቸው ቢጫ። ሦስተኛው ጅግራዎች ሆነው ተገኙ፤ አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬ ተበተኑብኝ።

አራተኛው ወንዙ አጠገብ ነው፣ ማሽላው ከፊላው ጋር የሚገናኝበት። ዳማ ቆመ። ገመዱን ረግጬ ተንበረከክሁ። አጎቴ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከማሽላው አገዳ ሥር አንዲት ቆቅ ቀስ ብላ ወጣች፣ አየችን፣ አንገቷን አስግጋ ቆመች። ከእኛ ስምንት እርምጃ ትሆናለች። መንቁሯ ቀይ፣ ጫፉ ጠቆር ያለ፤ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ፤ ደረቷ ቅርፊት ቅርፊት። አጎቴ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «እግሯ ቀይ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ከኋላዋ ሁለት ሌሎች ተከተሉ። ዳማ እየተንቀጠቀጠ አልተነቃነቀም። ሦስቱም ፊላው ውስጥ ገቡ፣ አንዷም አልበረረችም።

የማሽላው ባለቤት ከማማው ላይ ሆኖ ሲያየን ቆይቶ ወረደ። መጀመሪያ በቁጣ ነው የመጣ። ስንነግረው «ይህችማ ሁልጊዜ እዚህ ናት፣ ማታ እዚያ ዛፍ ላይ ነው የምታድር» ብሎ በጣቱ አሳየን። የእነዋሪው ወንድሜ፣ ያንተን ነገር አነሣሁለት፤ ከአንድ ቀን በላይ ለሚቆይ እንግዳ መሪ መሆን እንደሚፈልግ፣ ግን ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገረኝ። ወፍ ቆጣሪ፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፤ እባክህ ደውልለት።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ መነጽሩን ከእጁ አልለየውም። ለታኅሣሥ ደብተሩን አዘጋጅ ብሎኛል።